ካርታና አጥር ሲለያዩ

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለመግዛት የተነሳ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ካርታ መኖሩን ነው። ካርታው ከተገኘ፣ እዳና እገዳም እንደሌለበት ከተረጋገጠ፣ የቀረው የዋጋ ድርድር ብቻ ይመስላል። በአጥር የተከለለው ግቢ ካርታው ላይ ከሰፈረው ስፋት ጋር መግጠም አለመግጠሙ ብዙውን ጊዜ የሚታየው ዘግይቶ፣ ገዢው አሮጌውን ቤት አፍርሶ ሊሠራ ሲነሳ ነው። ያኔ የጎረቤት አጥር ወሰን አልፎ መግባቱ ይታወቃል፤ ካርታው ነው የሚረታው ወይስ አጥሩ የሚለው የቆየ ክርክርም ይነሳል። እኔ የምለው፣ ይህ ጥያቄ ከፊርማ በፊት ካልተፈታ ካርታው ትክክል ቢሆን እንኳ ገዢው ሊጎዳ ይችላል ነው።

ልዩነቱ የመጣው ከቦታ አያያዛችን ታሪክ ነው። በ1967 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታን የመንግሥት አደረገ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40ም መሬት እንደማይሸጥ እንደማይለወጥ አጸና። ስለዚህ የሚሸጠው ቤቱ ነው፤ ቦታው የሚተላለፈው በይዞታ መብትነት ነው። በነባር ሰፈሮች ይህ ይዞታ ለረጅም ዘመን ይታወቅ የነበረው በአጥሩ፣ ወሰን ላይ በቆመው ዛፍና በአዋሳኞቹ ምስክርነት ነበር። የኮኦርዲኔት ነጥቦች የሰፈሩበት ካርታ የመጣው በኋላ ነው፤ አንዳንዱ ቦታው ድረስ ተሂዶ ተለክቶ፣ አንዳንዱ ከአየር ፎቶ ተነስቶ። ከላይ በተነሳ ፎቶ ላይ ደግሞ የጣሪያ ክፈፍና የዛፍ ቅርንጫፍ አጥሩን ይሸፍኑታል። መሬት ላይም ቢሆን የቆርቆሮ አጥር በብሎኬት ሲቀየር መሠረቱ ወደ ጎረቤት ገፋ ሊል ይችላል። 20 ሜትር ርዝመት ባለው ወሰን ላይ 60 ሳንቲ ሜትር መግፋት 12 ካሬ ሜትር ይወስዳል። ይህ 200 ካሬ ከሆነ ቦታ ላይ ከመቶ 6 እጅ ነው፤ አንድ ደህና ክፍል ይወጣዋል።

«ካርታ እያለኝ ምን አስጨነቀኝ?» የሚል ገዢ ግማሽ እውነት ይዟል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1195 የባለሀብትነት ማስረጃ የተሰጠውን ሰው ባለቤት እንደሆነ ይገምትለታል፤ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ግን ይህ ግምት በማስረጃ ሊፈርስ እንደሚችል ይናገራል። ሁከት ይወገድልኝ ብሎ መክሰስም በቁጥር 1149 መሠረት በ2 ዓመት የተገደበ ነው። ይህ ክስ የሚጠብቀው ቦታውን በእጁ አድርጎ የነበረን ሰው ነው፤ አጥሩ ከቆመ 10 ዓመት ካለፈው አዲሱ ገዢ ያንን ቁራሽ አንድም ቀን ይዞት አያውቅም። የሚቀረው በመብቱ ላይ መሟገት ነው፤ ያ ደግሞ የካርታውን አመጣጥ ማስረዳትና የባለሙያ ልኬት ማቅረብ ይጠይቃል፣ በቀጠሮም ይጓተታል። ወደ ሻጩ መዞርም ቀላል አይደለም። ጎረቤቱ መብት ኖሮት ቦታውን ቢረታ ሻጩ ለገዢው ዋስ ነው፤ ገዢው ውሉን ሲያደርግ አደጋውን ያውቅ ከነበረ ግን ሻጩ በግልጽ ካልገባለት በቀር ዋስትናው ይቀራል። አጥሩ ወደ ውስጥ መግባቱን እያየ፣ ደላላው «ችግር የለውም፣ በኋላ ይስተካከላል» ስላለው የፈረመ ሰው በራሱ ላይ ማስረጃ አስቀምጧል። ሰነዶች ማረጋገጫም የሚያጣራው የሰነዱን ትክክለኛነትና የተዋዋዮቹን ማንነት ነው፤ ግቢ ገብቶ አጥር አይለካም።

ከበድ ያለው ተቃውሞ የሚመጣው ከጎረቤት ወገን ነው። 40 ዓመት በዚያ አጥር ውስጥ በሰላም የኖሩ እናት፣ ትናንት የመጣ ገዢ ካርታ ዘርግቶ «አፍርሱ» ቢላቸው ፍትሕ ነው ወይ? እውነትም አጥሩ ትክክል ሆኖ የተሳሳተው ካርታው ሊሆን ይችላል። ከሽያጩ በፊት ይለካ የምለውም በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። አጥሩን ማን እንዳጠረው፣ በማን ፈቃድ እንደቆመ የሚያውቀው ሻጩ ነው፤ ገንዘቡን ተቀብሎ ከሄደ በኋላ ያንን ታሪክ የሚመሰክር አይገኝም። ሻጭ፣ ገዢና አዋሳኝ በተገኙበት ባለሙያ ነጥቦቹን መሬት ላይ ቢያሳይና ሁሉም ቢፈርሙበት፣ ጎረቤትም እኩል ይጠበቃል።

አጥሩ አልፎ ከተገኘ ሽማግሌ ተቀምጦ ወደ ቦታው እንዲመለስ ቢያስማማ መልካም ነው። ጎረቤታሞች ግን ቁራሿን በመንደር ውል ቢሻሻጧት ውሉ አይጸናም፤ ካርታው ራሱ በመሬት አስተዳደር ካልተስተካከለ ጠቡ ለልጆቻቸው ይተርፋል። ጎረቤት እንቢ ካለ ገዢው የሚከፍለው በተለካው ስፋት ልክ ይሁን፤ ወይም ከዋጋው የተወሰነው ወሰኑ እስኪጠራ ተይዞ ይቆይ፣ የሻጩም ግዴታ በውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ። «እንዲህ ስትል ሌላ ገዢ ይቀድምሃል» የሚሉ አሉ፤ ሊቀድም ይችላል፣ ያ ገዢ ግን ቤቱን ከነክርክሩ ነው የሚወስደው።

አዋጅ ቁጥር 818/2006 የከተማ ይዞታ በካዳስተር እንዲረጋገጥና እንዲመዘገብ ደንግጓል፤ የማረጋገጡ ውጤትም ለሕዝብ ይፋ ሆኖ ቅሬታ ይቀርብበታል። ይህ ባልደረሰበት ሰፈር የቤት ሽያጭ ውል ሲረጋገጥ አዋሳኞች የፈረሙበት የልኬት ወረቀት አብሮ እንዲቀርብ ቢደረግ ብዙ ክስ ገና ሳይጀመር ይቀራል። ሥርዓቱ ሌላ ወረፋና ሌላ እጅ መንሻ ይወልዳል የሚለው ስጋት ከባዶ የመጣ አይደለም። ልኬቱን ፈቃድ ያላቸው የግል ቀያሾች ቢሠሩትና በፊርማቸው ተጠያቂ ቢሆኑ ግን ባለጉዳዩ ቢሮ ለቢሮ አይንከራተትም።