ያለ እሳትና ያለ ፍንዳታ የሚሠራ ርችት

ርችት በዕብራይስጥ ዚኩኪም ይባላል። በዮም ሃዓጽማኡት፣ ማለትም በእስራኤል የነጻነት ቀን ዋዜማ፣ ሲመሽ ሰማይ ላይ የሚበተነው ባለ ቀለም እሳት ነው። ቂርያት ጋት ከገባችሁ ገና አንድ ዓመት ያልሞላችሁ ቤተሰቦች፣ ልጆቻችሁ ከጋንና ከትምህርት ቤት ስለ ዚኩኪም ሰምተው መምጣታቸውና እናንተን መጠየቃቸው አይቀርም። ስለዚህ ልጆች በቤት ውስጥ በወረቀት፣ በቀለም፣ በጨውና በዘይት ርችት የሚሠሩበትን መንገድ በዚህ ጽሑፍ ልናሳያችሁ አስበናል። የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፤ ግማሹም ከወጥ ቤታችሁ አይጠፋም።

አስቀድመን ግን ስለ በዓሉ አንዳንድ ነገር እንበል። የእስራኤል መንግሥት የታወጀው በኢያር 5 ቀን 5708፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ሜይ 14 ቀን 1948 ነው። በዓሉ ከሰንበት ጋር እንዳይጋጭ በአንዳንድ ዓመት ቀኑ ወደፊት ወይም ወደኋላ ስለሚዛወር፣ በየዓመቱ የቀን መቁጠሪያውን መመልከት ያስፈልጋል። ከበዓሉ በፊት ያለው ዕለት ዮም ሃዚካሮን ነው፤ በጦርነት የወደቁ ወታደሮችና በሽብር የተገደሉ ሰዎች የሚታሰቡበት የሐዘን ቀን። በዋዜማው ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ በዚህ አገር አጠራር 20:00፣ ለአንድ ደቂቃ ድምፅ ይነፋል። በማግስቱም ከጧቱ 5 ሰዓት፣ ማለትም 11:00፣ ለሁለት ደቂቃ ይነፋል። ይህ ድምፅ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ወጥ ነው፤ ሰው ሁሉ ባለበት ቆሞ ያስባል። ከፍ ዝቅ እያለ የሚጮኸው ደግሞ የአደጋ አዛካ ነውና ያን ጊዜ ወደ ማማድ ወይም ወደ ሚክላት መግባት ነው። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ለልጆችም ለአዋቂዎችም የግድ ስለሆነ ቀደም ብላችሁ ንገሯቸው።

የመታሰቢያው ቀን ሲመሽ ሐዘኑ በአንድ ጊዜ ወደ ደስታ ይለወጣል። በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ 12 ችቦዎች ይለኮሳሉ፤ በየከተማውም ዘፈንና ጭፈራ ይጀመራል። በጎንደር ገጠር ያደገ ሰው በዘመን መለወጫ ዋዜማ በየደጁ ሲለኮስ ያየው ችቦ ትዝ ሊለው ይችላል። ልዩነቱ ድምፁ ነው። ርችት እንደ መድፍ ይጮኻል።

ይህን የምንለው በምክንያት ነው። ከእናንተ መካከል በነሐሴ 2023 ጎንደር ከተማ ውስጥ ውጊያ ሲካሄድ እዚያው የነበራችሁ አላችሁ። የቂርያት ጋት ልጆችም በ2014 ክረምት፣ ከዚያም ከኦክቶበር 7 ቀን 2023 ወዲህ፣ አዛካ ሲጮህ ስንት ጊዜ ከእንቅልፋቸው ተነሥተው እንደሮጡ ነዋሪው ሁሉ ያውቃል። እንዲህ ያለ ልጅ በድንገት ፍንዳታ ሲሰማ አልጋ ሥር ቢገባ ፈሪ ነው ብሎ መሳቅ አይገባም። ነገሩ የልጆች ብቻ እንዳልሆነም አገሩ ተረድቶታል፤ በ2022 በሄርጽል ተራራ የተደረገው የመንግሥት ሥነ ሥርዓት፣ ከጦርነት የመንፈስ ጉዳት ይዘው ለተመለሱ ወታደሮች ሲባል ያለ ርችት ተካሂዷል። ከዚያ ወዲህም ድምፅ የሌለው ወይም ድምፁ የተቀነሰ ርችት የመረጡ ከተሞች አሉ። በእኛ ከተማ በዓመቱ ምን እንደታሰበ ከኢሪያው ወይም ከማታናሱ አስቀድሞ መጠየቅ ይቻላል። ልጄ ይፈራል ብሎ ቤት መቅረትም የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ሌላው የሚያሳስበን ናፓጺም የሚባለው ትንሹ ፈንጂ ነው። በተለይ በፑሪም ሰሞን ወንዶች ልጆች በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ ሲለዋወጡት ይታያል። ጣት የሚቆርጥ፣ ዓይን የሚያጠፋ ነገር ነው፤ በልጃችሁ ኪስ ካገኛችሁ ውሰዱበት፤ ከየት እንዳገኘውም ጠይቁ። ለልደት ኬክ ላይ የሚሰካው፣ እየተንጣጣ የሚበራው ቀጭን ሽቦም ቢሆን ጨዋታ ይመስላል እንጂ ሙቀቱ ከ1000 ዲግሪ ይበልጣል። ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ መሆኑን ስታስቡ ለሕፃን እጅ እንደማይሰጥ ይገባችኋል። ልጅ ቢቃጠል የተቃጠለውን ቦታ ወዲያው ለ20 ደቂቃ ያህል በሚወርድ የቧንቧ ውኃ አቀዝቅዙት፤ ቅቤም ሆነ የጥርስ ሳሙና አትቀቡት። ዓይኑ ከተጎዳ አትሹት፤ አትጫኑት። ለማጌን ዳቪድ አዶም በ101 ደውሉ።

እንግዲህ ወደ ሥራችን እንግባ።

ከሁሉ የሚቀለው በሶፍት ካርቶን የሚታተመው ነው። ሶፍቱ ሲያልቅ የሚቀረውን የካርቶን ቱቦ አትጣሉት። አንዱን ጫፍ እስከ ግማሹ ድረስ በመቀስ ጣት በማይሞላ ስፋት ዙሪያውን ሸንሽኑት፤ ከዚያ ሽንሽኖቹን እንደ አበባ ወደ ውጭ ግለጧቸው። ጓሽ የሚባለውን የልጆች ቀለም በሰሀን ላይ በስሱ አፍስሱና አበባውን ነክራችሁ ጥቁር ብሪስቶል ላይ አትሙ። መጀመሪያ ትልቁን በአንድ ቀለም፣ ቀጥሎ መሐሉ ላይ በአጭር የተሸነሸነውን በሌላ ቀለም ብታትሙ እውነተኛ ርችት ይመስላል። የሦስት ዓመት ልጅ እንኳ ብቻውን ይሠራዋል፤ መቀሱ ግን በአዋቂ እጅ ይሁን።

ትንሽ ከፍ ላሉት የመፋቅ ሥዕል ይሻላል። ወፍራም ወረቀት ላይ ልጆቹ ፓንዳ በሚሉት የሰም ቀለም ክፍት ቦታ ሳይቀር ቢጫ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ እየቀያየሩ ይቀቡ። በደንብ ተጭነው ካልቀቡ አይሆንም። በላዩ ጥቁር ጓሽ ይደረብበታል፤ ጓሹ ሰም ላይ እንዲይዝ ጥቂት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ቀላቅሉበት። ሲደርቅ በጥርስ መጎርጎሪያ ስንጥር ከመሐል ወደ ዳር እየጫሩ መሥመር ሲያወጡ፣ ከጥቁሩ ሥር ቀለሙ ብቅ ይላል።

እዚህ ላይ ስፌት የሚያውቁ እናቶቻችንንና አያቶቻችንን ማንሳት እንወዳለን። ስንደዶና አክርማ ይዞ ከመሐል ጀምሮ እየዞሩ ማስፋት፣ ቀለሙንም ቆጥሮ ከመሐል ወደ ዳር እንደ ጨረር እንዲወጣ ማድረግ የእነሱ ሙያ ነው። አንድ ሰፌድ ወይም የመሶብ ክዳን አውጥታችሁ ለልጁ ብታሳዩት፣ ርችት ሲበተን የሚይዘውን ቅርጽ እዚያው ያገኘዋል። አያቲቱ በስንጥር ትጫር፤ ልጁ ይመልከት፤ ከዚያ እሱ ይሞክር። እሷ ቀይ ስትል እሱ አዶም ይበል፤ አረንጓዴ ስትል ያሮክ፣ ሰማያዊ ስትል ካሆል፣ ቢጫ ስትል ጻሆቭ። ልጁ በባንክና በኩፓት ሆሊም ለወላጆቹ አስተርጓሚ ሆኖ በሚውልበት አገር፣ አያት አስተማሪ የምትሆንበት አንድ ምሽት ቀላል ነገር አይደለም።

የጨው ርችት ደግሞ ለእኛ ከሁሉ የሚያምረው ነው። ብሪስቶል ላይ በነጭ ኮላ ከአንድ ነጥብ የሚነሡ መሥመሮች ሣሉ፤ ኮላው ወፈር ይበል። ኮላው ሳይደርቅ የወጥ ቤት ጨው ነስንሱበትና ወረቀቱን ዘንበል አድርጋችሁ የተረፈውን አራግፉ። በውኃ የቀጠነ ቀለም በብሩሽ ጫፍ ይዛችሁ ጨውን ነካ ብቻ አድርጉት። ጨው ቀለሙን ስቦ በመሥመሩ ላይ ራሱ ያስኬደዋል። ልጆች ይህን ሲያዩ አንድ ወረቀት አይበቃቸውም፤ ጨው ግን በአገሩ ርካሽ ነው። እስኪደርቅ አንድ ቀን ያህል ሳይነካ በጠፍጣፋ ቦታ ይቀመጥ፤ ቀድሞ የተሰቀለ እንደሆነ ቀለሙ ይንጠባጠባል።

ጨውን ካነሳን ለትልልቆቹ ልጆች የምትነግሩት አንድ ነገር አለ። የእውነተኛው ርችት ቀለም የሚመጣው ከባሩዱ ጋር ከሚደባለቁ ማዕድናት ነው። ቀዩ ስትሮንትየም፣ አረንጓዴው ባርየም፣ ሰማያዊው መዳብ፣ ቢጫው ሶድየም ነው። ሶድየም በገበታችን ጨው ውስጥ ያለው ነው፤ ድስት ሲገነፍል ጨዋማ ውኃ እሳቱ ላይ ሲፈስ ነበልባሉ ቢጫ የሚሆነውም በዚሁ የተነሣ ነው።

በብርጭቆ ውስጥ የሚሠራው ርችት ለዓይን እንጂ ለግድግዳ አይሆንም። ረጅም ብርጭቆ ለብ ባለ ውኃ እስከ ሦስት አራተኛው ሙሉት። በሌላ ኩባያ ሦስት አራት ማንኪያ ዘይት አድርጉና ከተለያየ የምግብ ቀለም ጥቂት ጥቂት ጠብታ ጨምሩበት። በሹካ ቀስ ብላችሁ አማስሉት፤ ቀለሙ ከዘይት ጋር ስለማይዋሐድ ጥቃቅን ኳስ ይሆናል። ይህን በውኃው ላይ በዝግታ አፍስሱ። ዘይቱ ላይ ይንሳፈፋል፤ የቀለም ጠብታዎቹ ከዘይት ስለሚከብዱ አንድ በአንድ ይወርዱና ውኃውን ሲያገኙ ይበተናሉ። ትንንሾቹ እንዳይጠጡት ጠብቁ። ሲያበቃም ዘይቱን በጠርሙስ ከድናችሁ ከቆሻሻ ጋር ጣሉት እንጂ በእቃ ማጠቢያው አታፍስሱት፤ ቧንቧ ይደፍናል።

በእጅ የሚያዝ ርችት ለሚፈልግ ልጅ የሚያብረቀርቅ ወረቀት በቀጭኑ ሸንሽናችሁ በእንጨት ጫፍ ላይ እሰሩለት። ይወዘውዘዋል፤ ይንሿሿል፤ ማንንም አያቃጥልም።

በበዓሉ ማታ ከቤት ለመቅረት የመረጣችሁ እንደሆነ ሥዕሎቹን በመስኮቱ ዙሪያ ስቀሉና በመስታወቱ በኩል አብራችሁ ተመልከቱ። ብርሃን ወዲያው ይደርሳል፤ ድምፅ ግን 1 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ብልጭታው እንደታየ ከልጁ ጋር አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያላችሁ ቁጠሩ፤ በአማርኛም፣ በዕብራይስጥም አሐት፣ ሽታይም፣ ሻሎሽ እያላችሁ። ሦስት ላይ ከተሰማ 1 ኪሎ ሜትር፣ ስድስት ላይ ከተሰማ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የሚቆጥር ልጅ ድምፁ እንደሚመጣ አውቆ ስለሚጠብቀው እንደ በፊቱ አይደነግጥም።