ከዳባት የተነሣች ጠጠር

ባለ 12 ጉድጓድ ገበጣ ላይ አንድ ተራ ለመጫወት ምን ያህል መልእክት መላክ ያስፈልጋል? ተጫዋቹ የሚያሳውቀው ከየትኛው ጉድጓድ ጠጠር እንዳነሣ ብቻ ነው። ጠጠሮቹ አንድ በአንድ እየተዘሩ የት እንደሚያልቁ ሕጉን የሚያውቀው ኮምፒውተር ራሱ ይቆጥራል። ከ12 ጉድጓዶች አንዱን ለመጥቀስ 4 ቢት፣ ማለትም የአንድ ባይት ግማሽ፣ ይበቃል። ሰሌዳው በሙሉ ከነ48 ጠጠሮቹ ይላክ ቢባል እንኳ ለእያንዳንዱ ጉድጓድ 6 ቢት ተይዞ በድምሩ 9 ባይት ነው። መልእክቱ የሚጓዝበት ፖስታ፣ የላኪና የተቀባይ አድራሻ የሚሰፍርበት የፓኬቱ ራስጌ፣ ብቻውን አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ 40 ባይት ይይዛል፤ ፖስታው ከደብዳቤው ይከብዳል ማለት ነው። በቴሌግራም የሚላክ አንድ ፎቶ ፖስታው ሁሉ ተቆጥሮ እንኳ የብዙ ሙሉ ጨዋታዎችን ያህል ይመዝናል። እንግዲህ ዳባት ላይ ላፕቶፑን ሰርቨር አድርጎ ገበጣ ሊያጫውት የተነሣ ወጣት ደባርቅና ጎንደር ያሉት ጓደኞቹ መግባት ሲያቅታቸው «ኔትወርኩ ደካማ ነው» ብሎ ቢተወው ከምክንያቱ ጋር ሳይገናኝ ቀረ። ፎቶ ያሳለፈ መስመር ጠጠር አያሳልፍም ማለት አይቻልም። እኔ የምሟገተው ይህንን ነው፤ በቤቱ የጨዋታ ሰርቨር ለሚያቋቁም ሰው ዋናው እንቅፋት አብዛኛውን ጊዜ የመንገዱ መጥበብ ሳይሆን የአድራሻ ማጣት ነው። ሁለቱን ለይቶ ያላወቀ ሰው ደግሞ ተጨማሪ ጥቅል እየገዛ ገንዘቡን በከንቱ ያወጣል።

ነገሩን ለመረዳት ፖስታ ሣጥንን ማሰብ ይበቃል። በአገራችን ደብዳቤ አብዛኛውን ጊዜ በየቤቱ አይታደልም። አንድ መሥሪያ ቤት አንድ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ይኖረዋል፤ መቶ ሠራተኛ ይጠቀምበታል። አንዷ ሠራተኛ ወደ ውጭ ብትጽፍ መዝገብ ቤቱ በወጪ ደብዳቤ ይመዘግብላታል፤ መልሱ ሲመጣም መዝገቡን አገላብጦ ጠረጴዛዋ ላይ ያደርስላታል። ማንም ያልጠበቀው፣ ላዩ ላይ የሣጥኑ ቁጥር ብቻ የተጻፈበት ደብዳቤ ቢመጣስ? ለማን እንደሆነ መዝገቡ ስለማይናገር እዚያው ይቀራል። ቤት ውስጥ ያለው ራውተር የሚሠራው ልክ ይህንን ነው። ስልኩም፣ ላፕቶፑም፣ ቴሌቪዥኑም ወደ ውጭ የሚወጡት በአንድ አድራሻ ነው። ዩቲዩብ ስንከፍት ጥያቄው ከእኛ ስለተነሣ መልሱ መንገዱን አያጣም። ሰርቨር ስንሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል። አሁን መጀመሪያ የሚጽፈው እንግዳው ነው፤ መዝገቡ ላይ ደግሞ ስሙ የለም። ለዚህ ነው ፊልም ያለ መቆራረጥ የሚያሳይ ኢንተርኔት አንዲት የገበጣ ጠጠር መቀበል የሚያቅተው። ተጠቃሚው ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም፤ እስከ ዛሬ የሠራበት ሁሉ ወደ ውጭ መጻፍ እንጂ ከውጭ መቀበል አልነበረም።

ይህ አሠራር የመጣው ቁጥር ከማለቁ ነው። ዛሬም በሰፊው የሚሠራበት አራተኛው የአይፒ አድራሻ ዓይነት 32 ቢት ስላለው ከ4.3 ቢሊዮን የማይበልጥ አድራሻ ብቻ ይሰጣል፤ ለዓለም ሕዝብ አንድ አንድ እንኳ አይደርስም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ለቤትና ለመሥሪያ ቤት የውስጥ አገልግሎት ብቻ የሚሆኑ አድራሻዎች ተለዩ፤ በ192.168 እና በ10 የሚጀምሩት ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። የካቲት 2011 እ.ኤ.አ. ለክፍለ አህጉራት የሚታደለው ዋናው ክምችት ተሟጠጠ። በ2012 ደግሞ አገልግሎት ሰጪዎች ራሳቸው ደንበኞቻቸውን በጅምላ ከአንድ አድራሻ ጀርባ እንዲያስቀምጡ ከ100.64 እስከ 100.127 የሚደርሰው ክልል ተመደበ። በሞባይል ዳታ የሚሠራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ያለው በዚህ ዓይነቱ ሣጥን ውስጥ ሣጥን ነው። የቤቱ መዝገብ ቤት ላይ ሌላ ትልቅ መዝገብ ቤት አለ፤ ቁልፉም በእሱ እጅ አይደለም። ደባርቅ ላይ ከስልኩ ዋይፋይ እየለቀቀ ላፕቶፑን ሰርቨር ያደረገ ሰው የቤቱን ሁሉ ቅንብር ቢያስተካክል እንኳ ያ የላይኛው መዝገብ ቤት ስለ እሱ ምንም አያውቅም።

ስለዚህ ፍተሻው ከውስጥ ተነሥቶ ወደ ውጭ መሄድ አለበት። ብዙ ሰው ከውጭ ስለሚጀምር ይደክማል። ፋውንድሪ የተባለውን የጠረጴዛ ጨዋታ ፕሮግራም እንደ ምሳሌ እንውሰድ፤ ካልቀየሩት በስተቀር እንግዳ የሚጠብቀው በ30000 ፖርት ላይ ነው። ፖርት ማለት በአንድ አድራሻ ውስጥ ያለ የቢሮ ቁጥር እንደማለት ነው። መጀመሪያ በዚያው ላፕቶፕ ላይ 127.0.0.1 ብሎ ከ30000 ጋር መሞከር፤ ይህ አድራሻ ሁልጊዜ «እኔው ራሴ» ማለት ነው። እዚህ ካልከፈተ ጥፋቱ የፕሮግራሙ ነው፤ ስለ ኔትወርክ ማውራትም አያስፈልግም። ከከፈተ በዚያው ዋይፋይ ላይ ካለ ሌላ ስልክ በላፕቶፑ የውስጥ አድራሻ፣ ለምሳሌ በ192.168.1.7፣ ይሞከር። እዚህ ላይ ከተደናቀፈ አብዛኛውን ጊዜ ተጠያቂው የላፕቶፑ ፋየርዎል ነው። ዊንዶውስ ፕሮግራሙ መጀመሪያ ሲነሣ ፈቃድ የሚጠይቅ ትንሽ መስኮት ያወጣል፤ ሰው ጨዋታው ስላጓጓው ሳያነብ ይዘጋታል። ከዚህም ሌላ ዊንዶውስ አዲስ የተገናኙትን ዋይፋይ «የሕዝብ» ብሎ ሊመድበውና ለቤት የተሰጠውን ፈቃድ እዚያ ላይቀበለው ይችላል። ይህ ሁሉ ካለፈ ነው ወደ ራውተሩ የሚኬደው። በ30000 የመጣ ሁሉ ለ192.168.1.7 ይሰጥ ብሎ መዝገብ ቤቱን ማዘዝ ማለት ነው። ትናንት ሠርቶ ዛሬ እምቢ ያለ ሰርቨር ምሥጢሩ ብዙ ጊዜ እዚህ ጋ ይገኛል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ራውተሩ የውስጥ አድራሻ እንደ አዲስ ያድላል፤ ላፕቶፑ 192.168.1.9 ይሆናል፤ ትእዛዙ ግን አሁንም 7ን ይጠራል። እንግዳው የሚላከው ማንም ወደሌለበት፣ ምናልባትም ወደ ቴሌቪዥኑ ነው። መፍትሔው ራውተሩ ለዚያ ላፕቶፕ አንድ ቁጥር ለይቶ እንዲያስቀምጥለት ማድረግ ነው። የውጭው አድራሻም በዚያው የመብራት መጥፋት ሊለወጥ ስለሚችል ለጓደኞች የተሰጠው ቁጥር በየጊዜው ይታይ።

የሚቀረው ወሳኙ ፍተሻ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ራውተሩ በገጹ ላይ የውጭ አድራሻዬ ብሎ የሚያሳየውን ቁጥር ከውጭ ሆኖ አድራሻን ከሚናገር ድረ ገጽ ቁጥር ጋር ማስተያየት ነው። ሁለቱ አንድ ከሆኑ በሩ በእጅዎ ነው። ከተለያዩ፣ ይልቁንም የራውተሩ ቁጥር በ10 ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ክልል ከጀመረ፣ ያሉት ሌላ ሣጥን ውስጥ ነው፤ ራውተሩን ሌሊቱን ሙሉ ቢነካኩት ለውጥ አይመጣም። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ሰርቨሩን ከቤት ዋይፋይ ላይ ሆኖ በውጭው አድራሻ መሞከር ያሳስታል፤ ብዙ ራውተሮች ከውስጥ ወጥቶ ወደ ራስ የሚመለስን ጥሪ አያስተናግዱም፤ ሰርቨሩ ለሌላው ሰው ክፍት ሆኖ ሳለ ለባለቤቱ ዝግ ሊመስለው ይችላል። ፈታኙ በሌላ መስመር ላይ ያለ ሰው ይሁን። የሚያየውንም መልእክት በደንብ ያንብብ። ሰው ደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ሲል «የለም» የሚል ድምፅ ከሰማ ቢያንስ ከአንድ ቤት ደጃፍ ደርሷል ማለት ነው፤ «ግንኙነቱ ተከልክሏል» የሚለው መልእክት እንዲሁ ከአንድ ኮምፒውተር ወይም ራውተር የመጣ መልስ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑ ተገኝቷል፣ በዚያ ፖርት ላይ ግን የሚጠብቅ ፕሮግራም የለም። ተጠብቆ ተጠብቆ «ጊዜው አልፏል» ካለ ግን ዝምታ ነው፤ ወይ ደጁ ሌላ ነው፣ ወይ ዘበኛው ሰምቶ ዝም ብሏል። የመጀመሪያው ወደ ፕሮግራሙ፣ ሁለተኛው ወደ ፋየርዎሉ ወይም ወደ አድራሻው ይመራል።

መንገዱ በእውነት መጥፎ የሚሆንበት ጊዜ የለም ወይ የሚል ይኖራል፤ አለ። ከደባርቅ ወጥቶ ሊማሊሞን መውረድ የጀመረ ሰው ምክንያቱን በዓይኑ ያየዋል፤ የሞባይል ሞገድ ገደልና ተራራ ዞሮ መሄድ ይከብደዋል፤ አምባው ላይ የቆመ ማማም ሸለቆው ሥር ላለው መንደር ጥላ ብቻ ነው። ስልኩ ላይ የሚታዩት ዘንጎችም የሚለኩት የማማውን ድምፅ እንጂ ከማማው ጀርባ ያለውን መስመር ስፋት አይደለም። ግን ሁለቱ በሽታዎች ምልክታቸው ይለያያል። መንገዱ ከታመመ እንግዳው ይገባል፣ ይንቀራፈፋል፣ ይቆረጣል፣ ደግሞ ይገባል። በሩ ከተዘጋ ግን እኩለ ሌሊትም ሆነ ማለዳ፣ ማንም ኢንተርኔት ሳይጠቀም እንኳ፣ አንድ ጊዜም አይገባም።

ሌላው ተቃውሞ ይበልጥ የሚያጓጓኝ ነው። ገበጣ በተራ ስለሚካሄድ መዘግየት አይጎዳውም፤ የኛው ሰንጠረዥ ግን ይለያል። በኢትዮጵያ ሰንጠረዥ መክፈቻው ወረራ ይባላል፤ ሁለቱ ተጫዋቾች የመጀመሪያው እስኪበላ ድረስ ተራ ሳይጠባበቁ እንደ ፈጠኑ መደቃቸውንና ፈረሳቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ይህንን በኢንተርኔት ብናደርገው ምን ይሆናል? በኦፕቲክ ፋይበር ውስጥ ብርሃን በሰከንድ ወደ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ደባርቅና ዋሽንግተን በቀጥታ ወደ 11 ሺህ ኪሎ ሜትር ይራራቃሉ፤ ደርሶ መልሱ ቢያንስ 110 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ ኬብሉ በቀጥታ ስለማይሄድ በተግባር ከዚህ ይበልጣል። ሰርቨሩ ደባርቅ ካለ የደባርቁ ተጫዋች ሰሌዳውን እንዳለ ያያል፤ የዋሽንግተኑ ግን የሚያየው ያለፈውን ነው፤ እጁም ዘግይቶ ይደርሳል። ማን ቀድሞ በላ የሚለው ጥያቄ በችሎታ ሳይሆን በርቀት ይወሰናል። ጥቅል በመጨመርም አይፈታም፤ ብርሃንን ማፍጠን አይቻልም። የሚቻለው ሰርቨሩ የባለቤቱን እንቅስቃሴ ሆን ብሎ በእንግዳው መዘግየት ልክ እያቆየ እንዲቀበል መጻፍ፣ ወይም ሰርቨሩን ለሁለቱም በሚቀራረብ ቦታ ማስቀመጥ ነው። መዘግየት፣ ስፋትና አድራሻ ሦስት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከወረራ የተሻለ የሚያስተምር ምሳሌ አላውቅም።

በሩ በሌላ እጅ የሆነበት ሰው ምን ያድርግ? ከአገልግሎት ሰጪው የራስ የሆነ ቋሚ አድራሻ መጠየቅ አንዱ ነው፤ ዋጋ አለው። ስድስተኛው የአይፒ ዓይነት 128 ቢት ስላለው ለሁሉም ይበቃል፤ የሚረዳው ግን ሁለቱም ወገኖች ሲኖራቸው ነው። ለብዙዎች የሚቀርበው ዜሮቲየርና ቴይልስኬል የመሳሰሉት ፕሮግራሞች የሚሠሩበት ዘዴ ነው። የዳባቱም የጎንደሩም ኮምፒውተር መጀመሪያ ሁለቱንም ወደሚያውቅ አገናኝ ይጽፋሉ፤ አገናኙ የአንዱን የሣጥን ቁጥር ለሌላው ይነግራል፤ ከዚያ ሁለቱም በአንድ ጊዜ እርስ በርስ ይጻጻፋሉ። የሁለቱም መዝገብ ቤቶች ወጪ ደብዳቤ ስለመዘገቡ የሚመጣውን መልስ መስሏቸው ያሳልፉታል። ይህ ካልተሳካ አገናኙ ራሱ ደብዳቤውን እየተቀበለ ያስተላልፋል። ሌላው መንገድ ውጭ አገር ያለ ማሽን መከራየት ነው፤ ፍራንክፈርት ከደባርቅ በቀጥታ ወደ 5 ሺህ ኪሎ ሜትር ስለሚርቅ ደርሶ መልሱ ከ50 ሚሊ ሰከንድ አያንስም፤ ለገበጣ ምንም አይደለም።

በር መክፈት አደገኛ ነው የሚለው ስጋት እውነት ነው፤ የክፍት ፖርቶችን አድራሻ ቀን ከሌት የሚያስሱ ፕሮግራሞች አሉ። ግን ስጋቱ የሚያስተምረው አንዲት ፖርት ብቻ ከፍቶ ከጨዋታው በኋላ መዝጋትን ነው። ፋየርዎሉን በሙሉ አጥፍቶ መሞከር የሚባለው ምክር ግን ጥፋት ነው፤ የተዘጋ መስኮት ለመክፈት ግድግዳ አይፈርስም። ዝግጁ የጨዋታ ድረ ገጽ እያለ ለምን ይደከማል ለሚለው ደግሞ መልሴ ገበጣ ራሱ ነው። የጉድጓዱ ብዛት፣ የጠጠሩ ቁጥር፣ የሚበላበት ሕግ ከአገር አገር ይለያያል። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ ስላሉት የገበጣ ዓይነቶች ሰፊ ጥናት ያሳተሙት ልዩነቱ ይህን ያህል ብዙ ስለሆነ ነው። ወገራና ጃናሞራ የሚጫወቱበትን ሕግ የሩቅ አገር ኩባንያ አይጽፍልንም። የሚጽፈው ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር የሚማር ልጅ ነው፤ ጽፎም የሚያስተናግድበት ቦታ ይፈልጋል።

ማንኛውም ብልሃት የማይፈታው ችግርም አለ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ሲቋረጥ አድራሻም ፖርትም ትርጉም አልነበራቸውም። ግን ፍተሻውን ከውስጥ ወደ ውጭ ማድረግን የለመደ ሰው በዚያ ጊዜም የቀረለትን ያውቃል። 127.0.0.1 ከኢንተርኔት ጋር ጉዳይ የለውም፤ 192.168.1.7 ም እንዲሁ። ራውተሩ መብራት ወይም ባትሪ ካገኘ፣ ከውጭ አንድም መስመር ሳይመጣ፣ ደባርቅ አንድ ግቢ ውስጥ ያሉ አሥር ስልኮች በዚያው ዋይፋይ ላፕቶፑ ላይ ገብተው ገበጣቸውን ይጫወታሉ።