መኪናችሁን በጋዝ ብታስቀይሩ ጭሱ በእርግጥ ይቀንሳል?

ዛሬ ከቡናና ከሰሊጥ ዋጋ ትንሽ ወጣ እንላለን፣ ከትራንስፖርት ወጪያችሁ ግን አንርቅም። የካሉብ ጋዝ ነገር መነሳት ከጀመረ ወዲህ "የቤንዚን መኪናችንን በጋዝ ብናስቀይር ለውጭ ገዢ ካርቦን ቀንሰናል ማለት እንችላለን ወይ?" የሚል ጥያቄ አለ። አጭሩ መልስ፦ ይቻላል፣ ግን የሚወስነው ጋዙ ሳይሆን ገጠማው ነው።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። ቡታጋዝ አይደለም። የምናወራው በአብዛኛው ሚቴን ስለሆነው፣ በ200 ባር ገደማ ተጨምቆ ቦምቦላ ውስጥ ስለሚገባው የተፈጥሮ ጋዝ ነው። የናፍጣ ከባድ መኪናም እዚህ ሂሳብ ውስጥ የለም። እሱ ካንዴላ የለውም፣ አቀያየሩም ሌላ ነው።

አሁን ስሌቱን እንስራው። 1 ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። 1 ኪሎ ሚቴን ደግሞ 2.75 ኪሎ። ይሄን አይታችሁ "እንዴ፣ ጋዝ ይብሳል!" እንዳትሉ፤ 1 ኪሎ ጋዝ የ1.5 ሊትር ቤንዚን ያህል ጉልበት አለው። ያው ቤንዚን 3.45 ኪሎ ያወጣ ነበር። ስለዚህ ትርፉ በአንድ ኪሎ ጋዝ 0.7 ኪሎ፣ ማለትም ወደ 20 በመቶ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ጥላሸትና ቤንዚን የተባለው ካንሰር አምጪ ኬሚካል (ከነዳጁ ጋር ስማቸው ይመሳሰላል እንጂ አንድ አይደሉም) በደንብ በተገጠመ መኪና ላይ በጣም ይቀንሳሉ። ከተማ ውስጥ ለሚተነፍስ ሰው ትልቁ ጥቅም ይሄኛው ነው።

ችግሩ ሳይቃጠል በማርሚታ የሚወጣው ሚቴን ነው። በ100 ዓመት ስሌት አንድ ግራም ሚቴን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ያሞቃል። እንግዲህ ከአንድ ኪሎ ጋዝ 25 ግራም ብቻ ሳይቃጠል ካመለጠ ያ 0.7 ኪሎ ትርፍ አለቀ። ገዢው በ20 ዓመት አስሉልኝ ካለ እጥፉ ከ80 ይበልጣል፣ ያኔ 9 ግራም እንኳ ይበቃል። ቦምቦላውና ቱቦው ላይ የሚያፈስ ካለ እሱም ከዚሁ ሂሳብ ይቀነሳል።

ይሄ ማምለጥ ከየት ይመጣል? ካርብሬተር ላይ ሚክሰር ብቻ የሚሰካ ርካሽ ገጠማ ጋዙንና አየሩን በትክክል አይመጥንም። አየር ሲበዛ የናይትሮጅን ኦክሳይድ ሊጨምር ይችላል፣ በጣም ሲሳሳ ደግሞ ሳይቃጠል የሚያልፍ ጋዝ ይኖራል። ጋዙ የአየሩን ቦታ ስለሚይዝ ጉልበትም ይቀንሳል። ለየሲሊንደሩ ለብቻው በኢንጀክተር የሚረጭና የኦክስጅን ሴንሰሩን የሚያነብ ገጠማ ብዙ ይሻላል፣ ዋጋውም ብዙ ይበልጣል። ካታሊስት ያለው መኪናም ቢሆን ሚቴንን ለማቃጠል ከሌሎቹ ጋዞች የበለጠ ሙቀት ይፈልጋል። በዛ ላይ እነዚህ ገጠማዎች በአብዛኛው በቤንዚን ነው የሚነሱት፤ ሞተሩ እስኪሞቅ ጋዝ አይገባም። መጋዘን ለመጋዘን አጭር ጉዞ ብቻ የምትሄድ ፒክአፕ ካላችሁ ከጋዙ የምታገኙት ጥቅም ትንሽ ነው።

ባለሁለት ምት ባለ ሦስት እግር ታክሲ ሌላው ምሳሌ ነው። ዴልሂ ብዙዎቹን በጋዝ ቀይራለች። እነዚህ ሞተሮች ግን ዘይት አብረው ያቃጥላሉ፣ ከአዲሱ ድብልቅም የተወሰነው ሳይቃጠል ከጭሱ ጋር ይወጣል። ነዳጁ ተቀየረ እንጂ የሞተሩ ጠባይ አልተቀየረም። ካይሮ ደግሞ ከእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ጋዝ ያስገባችባቸው ታክሲዎች ባለአራት ምት ናቸው፣ መነሻቸው የተሻለ ነው።

ገጣሚው "ለቦሎ ሲፈተሽ ያልፋል" ቢላችሁ ይበቃል አትበሉ። ጋራዥ ውስጥ ያለው የተለመደው የጭስ መለኪያ ሃይድሮካርቦንን የሚቆጥረው በሄክሴን ተስተካክሎ ነው፤ ሚቴንን በደንብ አያየውም። ስለዚህ ብዙ ሚቴን የሚያስወጣ መኪና ወረቀቱ ላይ ንጹህ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ያንኑ መኪና፣ ሞተሩ ሞቆ፣ በቤንዚንም በጋዝም አስለኩ፤ ሚቴን ለብቻው የሚለካ መሣሪያ ያለው ቦታ ጠይቁ። እሱ እስኪገኝ ለገዢ የምትሰጡት ሰነድ ላይ የተጠቀማችሁትን ኪሎ ጋዝና ሊትር ቤንዚን ከኪሎሜትሩ ጋር ጻፉ፣ የቅናሽ መቶኛ ግን አትጻፉ።