«ሲፕሮ ስጪኝ» ለምትሉኝ እህቶቼ

አየር ጤና አካባቢ መድኃኒት ቤት ውስጥ እሠራለሁ። «ሽንቴ ያቃጥለኛል፤ ሲፕሮ ስጪኝ» የሚሉኝ ሴቶች ብዙ ናቸው። ሲፕሮ (ሲፕሮፍሎክሳሲን) የተባለውን አንቲባዮቲክ ያለ ሐኪም ማዘዣ አልሰጥም፤ ምክንያቱን ግን ቁጭ አድርጌ አስረዳለሁ። ሕመሙን ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ከአንጀት የሚነሳ ኢ. ኮላይ የተባለ ባክቴሪያ ነው፤ እሱም በአገራችን ሲፕሮን እየተላመደ መጥቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው የአንቲባዮቲክ መጽሐፍ፣ ለቀላል የፊኛ ኢንፌክሽን ከመጀመሪያ ምርጫዎቹ አንዱ ለ5 ቀን የሚወሰደው ናይትሮፉራንቶይን ነው። ይህ መድኃኒት ሽንት ውስጥ ስለሚከማች ፊኛ ላይ በደንብ ይሠራል፤ ኩላሊት ለደረሰ ኢንፌክሽን ግን አይበቃም። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የጎን ውጋት ወይም እርግዝና ካለ ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ከጎረቤት የተረፈ እንክብልም እባካችሁ አትዋጡ።