ገንዘቡ ከገባም በኋላ የማያልቅ ሽያጭ፦ ውድ ያገለገለ ዕቃ በኢንተርኔት ወደ ባሕር ማዶ

ያገለገለ ውድ ዕቃ፣ ለምሳሌ የላይካ ሌንስ፣ የስዊስ ሰዓት ወይም አሮጌ ጊታር፣ በኢንተርኔት ለሌላ አገር ሰው ሲሸጥ ዕቃውና ገንዘቡ በአንድ ሕግ አይጓዙም። ዕቃው ከሻጩ እጅ አንዴ ከወጣ ማስመለሱ እጅግ ከባድ ነው። ገንዘቡ ግን በሻጩ ሒሳብ ውስጥ ከታየ በኋላ እንኳ ለወራት ሊመለስ ይችላል። በሻጮች ላይ የሚደርሰው ጉዳት አብዛኛው የሚፈጠረው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። አጭበርባሪዎች ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ያመጧቸው ዘዴዎች መልካቸው ይለያይ እንጂ ግባቸው አንድ ነው፤ ሻጩ ተከፍሎኛል ብሎ አምኖ ዕቃውን ቶሎ እንዲልክ ማድረግ።

የዚህ ገበያ መነሻ ራሱ ያገለገለ፣ ያውም የተበላሸ ዕቃ ነው። ፒየር ኦሚዲያር እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1995 ካሊፎርኒያ ውስጥ ኦክሽንዌብ የተባለውን፣ በኋላ ኢቤይ የሆነውን የጨረታ ገጽ ሲከፍት መጀመሪያ የተሸጠው የማይሠራ የሌዘር መጠቆሚያ ነበር፤ 14 ዶላር ከ83 ሳንቲም አወጣ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ገዢው ቼክ በፖስታ ይልካል፣ ሻጩም ቼኩን አይቶ ዕቃውን ይልካል። ማጭበርበሩ አብሮ አደገ። የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ በ2000 ባቋቋመው የኢንተርኔት ወንጀል አቤቱታ መቀበያ ማዕከል በ2004 ከቀረቡትና ለሕግ አስከባሪዎች ከተመሩት አቤቱታዎች ውስጥ ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑት የኢንተርኔት ጨረታን የተመለከቱ ነበሩ።

ኢቤይ በ2002 ፔይፓል የተባለውን የኢንተርኔት ክፍያ ድርጅት በ1.5 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። በ2008 ደግሞ ሁለት ለውጥ አደረገ፤ በአሜሪካ ገበያው በቼክና በመሳሰሉት የወረቀት ክፍያዎች መክፈልን አስቀረ፣ ሻጮችም በገዢዎች ላይ መጥፎ አስተያየት እንዳይጽፉ ከለከለ። ከዚያ ወዲህ የገበያው ሚዛን ወደ ገዢው አጋድሏል። ምክንያቱ ይገባል፤ ያላየውን ዕቃ ካላወቀው ሰው የሚገዛ ሰው ዋስትና ካልተሰጠው አይመጣም። ዋስትናው ግን ለትልልቅ ነጋዴዎች ልክ ተሰፍቶ፣ በዓመት አንድ ሌንስ ለሚሸጠው ግለሰብ ጭምር መዋሉ እውነተኛ በደል አለው። ሺህ ዕቃ የሚሸጥ ድርጅት አንዱ ቢጠፋበት ኪሳራውን በሌላው ያካክሳል፤ ግለሰቡ የሚያካክስበት የለውም።

ከሁሉም በፊት መታወቅ ያለበት የክፍያው ዓይነት ነው። በባንክ የሚተላለፍ የስዊፍት ሐዋላ ለሻጩ ከሁሉም የተሻለ ነው፤ ገንዘቡ ሒሳቡ ውስጥ ከገባ፣ ከተጠለፈ ሒሳብ የተላከ ካልሆነ በቀር፣ ላኪው በራሱ ፈቃድ ሊመልሰው አይችልም። ጥንቁቅ ሻጮች ለዚህ ብቻ የሚሆን የተለየ ሒሳብ ከፍተው የገባውን ወዲያው ወደ ሌላ ያዛውራሉ። ችግሩ ሻጩን የሚጠብቀው ይህ መንገድ ገዢውን ሙሉ በሙሉ ማጋለጡ ነው። ስለዚህ ሐቀኛ ገዢ በሐዋላ አልከፍልም ቢል ሊጠረጠር አይገባም፤ እሱም የሚፈራው አለው።

ቼክ ከዚህ ተቃራኒ ነው። አሜሪካ ውስጥ ካሺየርስ ቼክ የሚባለው፣ በኢትዮጵያ ሲፒኦ ከሚባለው ጋር የሚመሳሰል ባንክ የሚቆርጠው ሰነድ፣ በስሙ ብቻ እምነት ያሳድራል። በ1987 በወጣ ሕግ መሠረት ባንኮች የዚህን ቼክ ገንዘብ በአብዛኛው በማግስቱ የሥራ ቀን ለደንበኛው ክፍት ማድረግ አለባቸው። ክፍት መሆኑ ግን ቼኩ እውነተኛ መሆኑን አያረጋግጥም። ሐሰተኛነቱ ከሳምንታት በኋላ ሲታወቅ ባንኩ ሙሉውን ገንዘብ ከሻጩ ሒሳብ ይቆርጣል። የታወቀው የትርፍ ክፍያ ማታለያ የሚሠራው በዚህ ክፍተት ነው። ገዢው 3,000 ዶላር ለሚያወጣ ዕቃ የ5,000 ዶላር ቼክ ይልክና “ትርፉን ለአጓጓዡ ላክልኝ” ይላል። ሻጩ ቼኩ “እንደጸዳ” አይቶ 2,000 ዶላሩን በዌስተርን ዩኒየን ይልካል። በመጨረሻ ዕቃውንም የራሱን 2,000 ዶላርም ያጣል፤ ሒሳቡ ውስጥ የሚበቃ ገንዘብ ከሌለም የባንኩ ባለዕዳ ይሆናል። የዚህ ዓይነት ገንዘብ የሚያልፍበት መንገድ ምን ያህል ልቅ እንደነበር በ2017 በይፋ ታይቷል። ዌስተርን ዩኒየን በወኪሎቹ በኩል ለሚፈጸም ማጭበርበር መተባበሩን አምኖ 586 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ተስማምቷል።

በካርድና በፔይፓል የሚከፈለው መካከለኛው መንገድ ነው፤ ብዙው ሽያጭም የሚካሄደው በእሱ ነው። የፔይፓል ገዢ ከከፈለበት ቀን አንሥቶ 180 ቀን ድረስ አቤት ማለት ይችላል። ካርድ ከሆነ ደግሞ ባንኩ ቻርጅባክ በሚባለው አሠራር፣ በአብዛኛው እስከ 120 ቀን፣ ክፍያውን ማስመለስ ይችላል። ፔይፓል ለሻጩም ጥበቃ ይሰጣል፤ ቅድመ ሁኔታዎቹ ግን ጥብቅ ናቸው። ዕቃው በክፍያው ዝርዝር ላይ በተጻፈው አድራሻ ብቻ መላክ አለበት፣ መድረሱ በትራኪንግ ቁጥር መታየት አለበት፣ ዋጋው 750 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሆነም ተቀባዩ መፈረም አለበት። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ጥበቃው የለም። ሁሉም ተሟልቶም ጥበቃው “አልደረሰኝም” እና “ካርዴ ያለፈቃዴ ነው የተከፈለበት” ለሚሉ አቤቱታዎች ነው፤ “የደረሰኝ ዕቃ እንደተባለው አይደለም” የሚለውን አይሸፍንም።

በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዕቃ የሚላላኩበት ልማድ እዚህ ላይ አደጋ አለው። ዋሽንግተን ዲሲ ወይም ፍራንክፈርት ያለ ሰው ዕቃውን “በሰው እጅ” መላክ ወይም “ዘመዴ መጥቶ ይወስድልኛል” የሚለውን ገዢ ማመን ለምዷል። በማኅበረሰቡ መካከል ይህ መልካም ነገር ነው። በፔይፓል ከከፈለ የማይታወቅ ገዢ ጋር ሲሆን ግን፣ በእጅ የተወሰደ ዕቃ ትራኪንግ ስለሌለው፣ ገዢው በኋላ አልደረሰኝም ቢል ሻጩ የሚያቀርበው ማስረጃ አይኖረውም። ሰው መጥቶ የሚወስድ ከሆነ በጥሬ ገንዘብ መክፈል አለበት። አንዳንዱ ገዢ ደግሞ ክፍያውን “ለቤተሰብና ለጓደኛ” በሚለው መንገድ ልላክ ይላል። በዚህ መንገድ የሚከፍል ገዢ የግዢ ጥበቃ የለውም፤ ስለዚህ የማይታወቅ ሰው ይህን ራሱ ሲያቀርብ ሒሳቡ የተሰረቀ ሊሆን ይችላል።

ሐሰተኛ መልእክቶች ከሁሉም በላይ ብዙ ሰው ይጥላሉ። ከፔይፓል የመጣ የሚመስል ኢሜይል “ክፍያው ተይዟል፤ የትራኪንግ ቁጥሩን ሲያስገቡ ይለቀቃል” ይላል። ፔይፓል አዲስ ሻጮች ላይ ገንዘብ የሚይዝበት ጊዜ በእርግጥ ስላለ መልእክቱ እውነት ይመስላል። እውነቱን የሚለየው አንድ ነገር ነው፤ በኢሜይሉ ውስጥ ያለውን ማገናኛ ትቶ የራስን ሒሳብ በራስ ከፍቶ ማየት። ሒሳቡ ውስጥ ያልታየ ክፍያ የለም። በሐሰተኛ አደራ ያዥ ድርጅቶችም እንዲሁ ነው። ኢስክሮው የሚባለው አሠራር፣ ሦስተኛ ወገን ገንዘቡን ይዞ ገዢው ዕቃውን አይቶ ሲቀበል ለሻጩ የሚለቅበት፣ ለውድ ዕቃ ከተፈጠሩት ሁሉ ፍትሐዊው ነው። በ1999 የተመሠረተው ኢስክሮው ዶት ኮም ይህን የሚሠራ እውነተኛ ድርጅት ነው። ነገር ግን ስሙን በአንድ ፊደል ለውጠው ገጹን የሚገለብጡ ብዙ ነበሩ። የሩማንያዋ ከተማ ራምኒኩ ቭልቻ በ2000ዎቹ በኢንተርኔት ጨረታ ማጭበርበር በዓለም ስሟ የታወቀው በእንዲህ ዓይነት ሥራ ነው። ስለዚህ አደራ ያዡን የሚመርጠው ሻጩ መሆን አለበት፤ አድራሻውንም ራሱ ጽፎ ይግባ።

ዕቃው ከደረሰ በኋላ የሚመጣው ማታለያ ለሐቀኛ ሻጭ ይበልጥ ያማል። ገዢው እንደተባለው አይደለም ብሎ አቤት ይልና የራሱን የተበላሸ ተመሳሳይ ሞዴል ይመልሳል። መከላከያው ከመላኩ በፊት የሚሠራ ነው። የሴሪያል ቁጥሩ በግልጽ የሚነበብበት ፎቶ፣ ዕቃው ሲሠራ የሚያሳይ ቪዲዮ፣ ሳጥኑ ሲታሸግ ሳይቋረጥ የተቀረጸ ምስል፣ በሚዛን ላይ ያለው ክብደት ተይዘው ይቀመጣሉ። ጭረቱና ጉድለቱ ሁሉ በማስታወቂያው ላይ መጻፉም ጨዋነት ብቻ አይደለም፤ በክርክር ጊዜ ከሻጩ ጎን የሚቆመው ይህ ጽሑፍ ነው። ኢቤይ በ2020 ከ2,000 ዶላር በላይ ለሆኑ ሰዓቶች የጀመረው የእውነተኛነት ማረጋገጫ ለዚህ ችግር እስካሁን የተገኘው ጥሩ መልስ ነው። ሰዓቱ ሲሸጥም ሲመለስም በባለሙያ እጅ ስለሚያልፍ መቀየር አይቻልም።

በማጓጓዣው ላይ ብዙ ሻጭ የማያውቀው ነገር አለ። በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት አየር መንገዶች ለጠፋ ጭነት የሚጠየቁት በዋጋው ሳይሆን በክብደቱ ነው፤ ከዲሴምበር 28 ቀን 2024 ወዲህ ጣሪያው በኪሎ 26 የአይኤምኤፍ ልዩ የመበደሪያ መብት፣ ማለትም 35 ዶላር ገደማ ነው። አዲሱ ከ10,000 ዶላር በላይ የሚያወጣው የላይካ ኖክቲሉክስ ሌንስ 700 ግራም ያህል ይመዝናል። ዋጋው ካልተመዘገበና ኢንሹራንስ ካልተገባለት ሲጠፋ የሚከፈለው የአንድ ምሳ ዋጋ ነው። የኢንሹራንሱ ውልም ይነበብ፤ ብዙ ውሎች ጌጣጌጥን፣ ሰዓትንና ቅርስ ዕቃን አይሸፍኑም።

ገዢው ቀረጥ ለመቀነስ “ስጦታ ነው ብለህ ዝቅ ባለ ዋጋ ጻፍልኝ” ሲል መልሱ እምቢ ነው። የሐሰት የጉምሩክ መግለጫ የሚፈርመው ሻጩ ነው፣ ወንጀሉም የእሱ ነው፤ ዕቃው ቢጠፋ ኢንሹራንሱ የሚከፍለው ከተጻፈው ዋጋ በላይ አይሆንም። ገዢው የሚከፍለውን ግብር አስቀድሞ ማወቅ አለበት። የአውሮፓ ኅብረት እስከ 22 ዩሮ የነበረውን የተጨማሪ እሴት ታክስ ነጻነት ከጁላይ 1 ቀን 2021 ጀምሮ አንሥቷል። አሜሪካም እስከ 800 ዶላር የነበረውን የቀረጥ ነጻነት በኦገስት 29 ቀን 2025 አቁማለች። ሳይነገረው ከጉምሩክ ደረሰኝ የመጣበት ገዢ ዕቃውን አልቀበልም ይላል፤ የመመለሻው ወጪና የወራቱ ጥበቃ በሻጩ ላይ ይወድቃል።

አንዳንድ ዕቃ ሕጉ ራሱ ያግደዋል። ማርቲን የተባለው የጊታር ፋብሪካ ዲ-28 የተባለውን ሞዴሉን እስከ 1969 የሠራው በብራዚል ሮዝውድ እንጨት ነበር። ያ ዛፍ ከ1992 ጀምሮ ሊጠፉ የተቃረቡ ዝርያዎችን ንግድ በሚገዛው ሳይተስ በተባለው ስምምነት ጥብቅ ዝርዝር ውስጥ ነው። ስለዚህ ጊታሩ ከስምምነቱ በፊት የተሠራ መሆኑን የሚመሰክር የመንግሥት ወረቀት ከሌለው በድንበር ይወረሳል። በ2017 ሁሉም የሮዝውድ ዝርያዎች በቁጥጥሩ ሥር ገብተው የጊታር ገበያው ታውኮ ነበር፤ ከኖቬምበር 2019 ጀምሮ ያለቀላቸው የሙዚቃ መሣሪያዎች ነጻ ቢወጡም የብራዚሉ እንጨት አልወጣም። የአዞ ቆዳ ማሰሪያ ያለው ሰዓትም ፈቃድ ይጠይቃል፤ ልምድ ያላቸው ነጋዴዎች ማሰሪያውን ፈትተው ሰዓቱን ብቻ ይልካሉ። የካሜራና የላፕቶፕ ሊቲየም ባትሪም የራሱ የአየር ጭነት ደንብ አለው፤ ደንቡን ያልጠበቀ ጥቅል በመንገድ ይያዛል።

ይህን ሁሉ ብቻውን መሸከም ለከበደው ሻጭ ኢቤይ በ2022 በአሜሪካ የጀመረው የዓለም አቀፍ ማጓጓዣ አገልግሎት ሸክሙን ያቀልለታል። ሻጩ ዕቃውን አገር ውስጥ ወዳለ ማዕከል ይልካል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ጉምሩክ፣ መጥፋትና መመለስ ኢቤይ ይወስዳል። በብዙ የዕቃ ዓይነቶች ከሽያጩ ከ13 በመቶ በላይ ኮሚሽን የሚቆርጥ ገበያ ቢያንስ ይህን ያህል ቢያደርግ ተገቢ ነው። ከገበያው ውጭ እንጨርስ የሚል ገዢ ኮሚሽኑን ሊያስቀር ይችላል፤ ሻጩ ግን ይህን ጥበቃ ሁሉ አብሮ ይተዋል። ሌላው አማራጭ በመኖሪያ ከተማው ላለ የታወቀ የካሜራ፣ የሰዓት ወይም የሙዚቃ መሣሪያ ነጋዴ መሸጥ ነው። ነጋዴው ትርፉን ስለሚያስብ ዋጋው ዝቅ ይላል፤ ሽያጩ ግን በዚያው ቀን ያልቃል።