የጠፋ ጥቅል ካሣ የሚወሰነው ዕቃው በተሰጠበት ቀን ነው

በቡራዩ አሸዋ ሜዳ ጠባብ ሱቅ ያላት አንዲት ነጋዴ ስድስት ጥንድ ጫማ በአንድ ካርቶን አሽጋ ወደ ባሕር ዳር ላከች እንበል። ገዢዋን በዓይኗ አይታት አታውቅም። ጫማውን በቴሌግራም አሳይታ፣ የዋጋውን እኩሌታ በቴሌብር ተቀብላ፣ ካርቶኑን በአስኮ በኩል እስከ መርካቶ አውቶቡስ ተራ አድርሳ ለአውቶቡሱ ረዳት ሰጠችው፤ ኪራዩንም በእጁ ከፈለችው። በማግስቱ ካርቶኑ ከተባለው ቦታ አልተገኘም። ረዳቱ «ለተቀባይዋ አስረክቤአለሁ» ይላል፤ ተቀባይዋ «ማንም አልደወለልኝም» ትላለች፤ ሻጭዋም የተቀበለችውን እኩሌታ ገንዘብ መልሳ፣ የጫማውን ዋጋ ደግሞ ለመርካቶው አከፋፋይ ከፍላ፣ ባዶ እጇን ትቀራለች።

ይህን የመሰለ ነገር ሲደርስ ሁሉም አስቀድሞ የሚጠይቀው «ማንን ልክሰስ?» እያለ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ጊዜው አልፎበታል። ለጠፋ ጥቅል ካሣ ይገኝ እንደ ሆነ፣ ከተገኘም ስንት እንደ ሆነ በአብዛኛው የሚወሰነው ዕቃው ከላኪው እጅ በወጣበት ሰዓት በተጻፈው ወረቀት ነው። ወረቀቱ ሳይጻፍ ከቀረ ሕጉ የቱንም ያህል ለላኪው ቢያደላ ዳኛው የሚይዘው ነገር የለውም።

ለታላቅ አስመጪ አንድ ካርቶን ቢጠፋ በሒሳብ መዝገቡ ላይ አንድ መስመር ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር በገቡት በቡራዩ፣ በሰበታና በሱሉልታ ተቀምጦ በስልክ ለሚሸጥ ሰው ግን አንድ ካርቶን የሳምንቱ መነሻ ገንዘብ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው ይልቁንም ለእነዚህ ነጋዴዎች ነው።

በመጀመሪያ በየብስ ስለሚላከው ዕቃ እንናገር፤ ብዙው ጥቅል የሚሄደው በዚህ መንገድ ነውና። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ስለ ማጓጓዝ ራሱን የቻለ ክፍል ነበረው፤ የየብሱን የዕቃ ማጓጓዝ በሚመለከት ኋላ አዋጅ ቁጥር 547/1999 ወጥቷል። የነገሩ ሥር እንዲህ ነው፤ አጓጓዡ ዕቃውን ከተረከበበት ሰዓት ጀምሮ ለተቀባዩ እስኪያስረክብ ድረስ ዕቃው በእርሱ ኃላፊነት ነው። ከአቅም በላይ የሆነ ነገር እንደ ደረሰ ወይም ጥፋቱ የላኪው እንደ ሆነ ካላስረዳ በቀር መክፈል ይገባዋል። እንግዲህ ላኪው ማስረዳት ያለበት ሦስት ነገር ነው፤ ዕቃውን መስጠቱን፣ የሰጠው ምን እንደ ሆነና ዋጋው ስንት እንደ ሆነ።

ችግሩ የሚጀምረው ከመጀመሪያው ነው። ካርቶኑን የተቀበለው ረዳቱ ነው ወይስ የአውቶቡሱ ድርጅት? ገንዘቡ በረዳቱ ኪስ ከገባና ደረሰኝ ካልተቆረጠ ድርጅቱ «ነገሩ የረዳቱ የግል ጉዳይ ነው፤ እኛ አናውቀውም» ሊል ይችላል። ስለዚህ የጥቅል መቀበያ መስኮት ያለውን ድርጅት መምረጥና ጥቂት ብር ጨምሮ ደረሰኝ መቀበል ይሻላል። ይህ የማይቻል ከሆነ ቢያንስ የረዳቱን ሙሉ ስም፣ የስልክ ቁጥሩንና የመኪናውን የሰሌዳ ቁጥር ጽፎ፣ ካርቶኑ ሲጫን ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ ለረዳቱ ራሱ በስልክ መልእክት «ዛሬ ይህን ያህል ዕቃ ተረክበኸኛል» ብሎ መላክ ይገባል። ረዳቱ «እሺ» ብሎ ከመለሰ ያ አንድ ቃል ማስረጃ ነው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አንድ መልእክት በኤሌክትሮኒክ መንገድ ስለ ተጻፈ ብቻ ሕጋዊ ዋጋ እንዳይነፈግ ደንግጓል። የስልክ መልእክት የሚያጠፋ ነጋዴ ደረሰኝ እንደሚቀድ ሰው ይቆጠራል።

ደረሰኝ ቢኖርም የሚጻፍበት ቃል ትልቅ ነገር ነው። ብዙ ጊዜ የምናየው «1 ካርቶን ዕቃ» የሚል ጽሑፍ ነው። «ዕቃ» ማለት ጫማም ሊሆን ይችላል፣ አሮጌ ጋዜጣም ሊሆን ይችላል። አጓጓዡ «በካርቶኑ ውስጥ ምን እንደ ነበረ አላውቅም» ቢል ማን ይወቅሰዋል? በደረሰኙ ላይ «6 ጥንድ አዲስ የሴት ጫማ፣ ክብደቱ ይህን ያህል ኪሎ፣ ዋጋው ይህን ያህል ብር» ተብሎ ይጻፍ። ጸሐፊው ዋጋውን ለመጻፍ ቢያመነታ ወይም ተጨማሪ ኪራይ ቢጠይቅ ላኪው ሊናደድ አይገባውም፤ ዋጋው የተነገረ ዕቃ የበለጠ ጥበቃ ይፈልጋልና ጭማሪው የጥበቃው ዋጋ ነው።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ይህንኑ ያግዛል። በቁጥር 1799 መሠረት ውል ያልፈጸመ ሰው የሚከፍለው፣ በልማድ ሊደርስ ይችላል ተብሎ የሚገመተውን ጉዳት ያህል ነው። ጉዳቱ ከዚያ የበለጠ ከሆነ ግን ላኪው ልዩውን ሁኔታ በውሉ ጊዜ አስታውቆ እንደ ነበር ማስረዳት እንዳለበት ቁጥር 1801 ይናገራል። «ቀሚሱ ለቅዳሜ ሠርግ ነው፤ ካልደረሰ ገዢዋ ትመልሰዋለች» የሚለውን ቃል ዕቃው ከጠፋ በኋላ መናገር ብዙም አይረዳም፤ መነገርና መጻፍ ያለበት ጥቅሉ ሲሰጥ ነው።

ስለ ዋጋው ማስረጃ ስንናገር ነጋዴዎቻችንን የሚያሳፍር ነገር መንካታችን አይቀርም። ከመርካቶ ያለ ደረሰኝ የተገዛ ዕቃ ሲገዛ ርካሽ ነው፤ ሲጠፋ ግን ዋጋ የለውም። ካሣ ጠያቂዋ «ጥንዱን በ2,000 ብር ገዛሁት» ብትል አጓጓዡ የግዢ ደረሰኙን ይጠይቃታል። ደረሰኝ ከሌለ ሌላ ማስረጃ መፈለግ ግድ ነው፤ ለአከፋፋዩ በባንክ የተላለፈው ገንዘብ፣ ከገዢዋ ጋር የተደረገው የዋጋ ስምምነት፣ ተመሳሳይ ዕቃ በዚያው ሳምንት የተሸጠበት ሰነድ። የንግድ ፈቃድ የሌለው ሻጭ ደግሞ ከዚህ የባሰ ችግር አለበት፤ ገና አቤት ሳይል ራሱ እንዳይጠየቅ ይፈራል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋ ከወር ወር ስለሚለወጥ፣ ባለፈው ዓመት ዋጋ የተሞላ ደረሰኝ ላኪውን ራሱን ይጎዳዋል።

በከተማው ውስጥ ዕቃ የሚያደርሱት ሞተረኞች ነገር አጭር ነው። አዲስ አበባ ከ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ሞተር ብስክሌት ያለ ፈቃድ እንዳይንቀሳቀስ ስለ ከለከለች፣ ከቡራዩ ወደ አዲስ አበባ ዕቃ የሚሰጥ ነጋዴ ሞተረኛው ፈቃድና የሚታወቅ ድርጅት ያለው መሆኑን አስቀድሞ ይጠይቅ። ዋጋው ሲደርስ የሚከፈል ከሆነ ዕቃውም ገንዘቡም በአንድ ሰው እጅ ነውና፣ ለማያውቁት ሞተረኛ ከአንድ ቀን ሽያጭ በላይ ማስያዝ አይመከርም።

አሁን ወደ ውጭ አገር ወደሚላከው ጥቅል እንለፍ። በዋሽንግተን ወይም በሎንዶን ላሉ ወገኖቻችን የሐበሻ ቀሚስ፣ በርበሬና ሽሮ የሚልኩ ብዙዎች ናቸው፤ በዚህም መንገድ የካሣው ልክ በዓለም ስምምነት የተወሰነ ነው። አገራችን በ1901 ዓ.ም. የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆናለች። በኅብረቱ ደንብ ለረጅም ዘመን የተሠራበት ልክ፣ ለጠፋ ተራ የፖስታ ጥቅል 40 ኤስዲአር ሲሆን ለእያንዳንዱ ኪሎ 4.50 ይጨመርበታል፤ በአደራ ለተመዘገበ መልእክት ደግሞ 30 ኤስዲአር ነው። ኤስዲአር የተባለው የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ ሲሆን ዋጋው ከአንድ የአሜሪካ ዶላር ከፍ ይላል። ከትክክለኛው የዕቃው ዋጋ በላይ አይከፈልም፤ ያመለጠ ትርፍም አይታሰብም። ያልተመዘገበ ትንሽ ፖስታ ከጠፋ ግን ካሣ የለውም፤ ለምዝገባው የሚከፈለውን ጥቂት ገንዘብ የሚሰስት ላኪ ይህን ይወቅ።

በአየር ጭነት ለሚሄደው የሞንትሪያል ስምምነት ይሠራል፤ ኢትዮጵያ በ2006 ዓ.ም. ገብታበታለች። የካሣው ጣሪያ ከታኅሣሥ 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በኪሎ 26 ኤስዲአር ነው። ሁለቱን ማነጻጸር ይጠቅማል። ግማሽ ኪሎ ለሚመዝን ነጠላ ፖስታው እስከ 42.25 ሲደርስ የአየሩ ጣሪያ 13 ብቻ ነው። በ2 ኪሎ 49 እና 52 ሆነው ይቀራረባሉ። በ10 ኪሎ ግን ፖስታው 85፣ አየሩ 260 ነው። እንግዲህ ቀላልና ውድ ዕቃ የሚልክ ሰው በክብደት የሚቆጠር ካሣ አይበቃውም፤ በፖስታ ከሆነ አገልግሎቱ ለመድረሻው አገር መኖሩን ጠይቆ በኢንሹራንስ፣ በአየር ከሆነ የዕቃውን ዋጋ ለይቶ አስታውቆና ተጨማሪውን ከፍሎ ይላክ። አንድ የሚዘነጋ ነገርም አለ፤ በፖስታ ቤት በኩል የተላከ ጥቅል በአውሮፕላን ላይ ቢጠፋ አየር መንገዱ ኃላፊ የሚሆነው ለፖስታው መሥሪያ ቤት እንጂ ለላኪው አይደለም። ላኪው ፊቱን ወደ ፖስታ ቤት ያዙር።

ጊዜውን ማሳለፍም መብትን ያስቀራል። የፖስታ ጥቅል ፍለጋ የሚጠየቀው ከተላከበት ማግስት ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ነው። በዓለም አቀፍ የአየር ጭነት የተበላሸ ዕቃ ሲሆን በ14 ቀን፣ የዘገየ ሲሆን በ21 ቀን በጽሑፍ መቃወም ያስፈልጋል፤ ክስ የሚቀርበው በ2 ዓመት ውስጥ ነው። መድረስ ከነበረበት ቀን በኋላ 7 ቀን ያለፈው ጭነት እንደ ጠፋ ተቆጥሮ ሊጠየቅበት ይቻላል። በአገር ውስጥ ሲሆን ላኪው ጊዜ ሳይሰጥ፣ ቢቻል በዚያኑ ቀን፣ በጽሑፍ ማስታወቅ ይገባዋል። ተቀባዩንም «ካርቶኑ ተቀድዶ ካገኘኸው ሳትፈርም በፊት ጉድለቱን በደረሰኙ ላይ ጻፍ» ብሎ አስቀድሞ መምከር ነው፤ ያለ ተቃውሞ የፈረመ ሰው ኋላ ቢጮህ የሚሰማው ያንሳል።

የካሣ ማመልከቻው ረጅም መሆን አያስፈልገውም። የሚከተለው ይበቃል።

«በዚህ ወር በ… ቀን በደረሰኝ ቁጥር … ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር እንዲደርስ 6 ጥንድ ጫማ፣ ዋጋው … ብር የሆነ፣ ለድርጅታችሁ አስረክቤአለሁ። ዕቃው እስከ ዛሬ ለተቀባዩ አልደረሰም። ስለዚህ በ15 ቀን ውስጥ ዕቃውን እንድታስረክቡ፣ ይህ ካልሆነ ዋጋውንና የከፈልሁትን ኪራይ እንድትከፍሉ እያስታወቅሁ፣ የደረሰኙንና የግዢውን ሰነድ ግልባጭ አያይዤ አቅርቤአለሁ።»

በሁለት ቅጂ ተጽፎ አንዱ ለድርጅቱ መዝገብ ቤት ገቢ ይደረግ፤ በሁለተኛው ላይ ማኅተም፣ ቀንና የገቢ ቁጥር ይቀበሉበት። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1772 መሠረት ባለገንዘቡ አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ መስጠት ያለበት ስለ ሆነ ይህ ወረቀት ለክሱም መንገድ ይከፍታል። በደረሰኝ ጀርባ «ድርጅቱ ለጠፋ ዕቃ ኃላፊ አይደለም» የሚል ቃል ቢገኝ ላኪው ወዲያው ተስፋ አይቁረጥ፤ የታተመ ሁሉ አይጸናምና፣ ለምሳሌ የሞንትሪያል ስምምነት አጓጓዡን ከኃላፊነት የሚያወጣ ውል ዋጋ እንዳይኖረው ደንግጓል።

ድርጅቱ ካልመለሰ ክሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርበው ተከሳሹ በሚኖርበት ወይም በሚሠራበት ቦታ ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ ከሆነ በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት በአማርኛ ይታያል። ቡራዩ ላይ ከሆነ የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለ ሆነ የትርጉሙንም ወጪ ማሰብ ያስፈልጋል። የአዲስ አበባ ንግድና የዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤት የግልግል ተቋም ቢኖረውም፣ ለአንድ ካርቶን ጫማ ወጪው ከካሣው እንዳይበልጥ ማስላት ይገባል። ብዙ ሻጮች አንድን አጓጓዥ በጋራ ቢይዙና የካሣውን ልክ አስቀድመው በውል ቢያስጽፉ ከሁሉ ይሻላል።

ገዢውስ? ይህም በመልእክቱ መጻፍ ያለበት ነገር ነው። «ዕቃው እስኪደርስዎ ድረስ ኃላፊነቱ የእኔ ነው» ወይም «በመረጡት አውቶቡስ ከጫንሁ በኋላ ኃላፊነቱ የእርስዎ ነው» ተብሎ ሳይጻፍ ከቀረ፣ ከአጓጓዡ በፊት ሻጭና ገዢ ይጣላሉ። በፖስታ ሲሆን ካሣውን በመሠረቱ የሚቀበለው ላኪው ነው፤ ለተቀባዩ ሊለቅለት ቢፈልግ በጽሑፍ ማድረግ ይችላል።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ጠፋ የተባለው ጥቅል ካሣው ከተከፈለ በኋላ ይገኛል። በፖስታ ኅብረቱ ደንብ ላኪው ይህ ሲነገረው የተቀበለውን ካሣ መልሶ ዕቃውን እንዲወስድ 3 ወር ይሰጠዋል። ገዢው ገንዘቡን ከተመለሰለት በኋላ ዕቃው ቢገኝ የማን እንደሚሆን በሻጭና በገዢ መልእክት አስቀድሞ ተጽፎ ከተገኘ፣ ነገሩ በአንድ ስልክ ያልቃል።