ትምህርቱን የጨረሰ ልጅ ለጥየቃ ከመምጣቱ በፊት

ልጁን ለትምህርት ወደ አሜሪካ የሰደደ ቤተ ሰብ፣ በኮልፌም ሆነ በሌላው የአዲስ አበባ ሰፈር፣ «ትምህርቴን ጨረስኩ» የሚል ቃል በደረሰው ጊዜ አስቀድሞ የሚመልሰው «እንግዲህ መጥተህ ዓይንህን አሳየን» ብሎ ነው። ይህ የወላጅ አንጀት የሚያናግረው ስለ ሆነ ማንም ሊነቅፈው አይችልም። ነገር ግን ትምህርቱን የፈጸመ ተማሪ ወጥቶ መመለሱ፣ በትምህርት ላይ ሳለ እንደ ነበረው ቀላል አይደለም። ቤተ ሰብ ይህን ሳያውቅ ቢጠራው የብዙ ዓመት ድካሙን በአንድ ጉዞ ሊያሳጣው ይችላል፤ ሳይመጣ ቢቀርም ያለ በደሉ ይቀየመዋል። ስለዚህ ነገሩን መርምሮ ማወቅ ይገባል።

የጉዞ ወረቀት ምን ያህል ክብደት እንዳለው የሚያስረዳ ታሪክ በኮልፌ አለ። በ1954 ዓ.ም. ኔልሰን ማንዴላ በኮልፌ በነበረው የፖሊስ ሰፈር ወታደራዊ ትምህርት ተምረው ወደ ደቡብ አፍሪካ ተመለሱ፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ተያዙ። በጥቅምት 1955 ዓ.ም. ከተፈረደባቸው የ5 ዓመት እስራት ውስጥ 2ቱ ዓመት፣ ያለ ሕጋዊ ፓስፖርት ከአገራቸው በመውጣታቸው የተጣለባቸው ነበረ። እርሳቸው ወሰኑን የተሻገሩት ስለ ነጻነት ዐውቀው በመሆኑ ነገራቸው ከተማሪ ጉዞ ጋር አይመዛዘንም፤ ቢሆንም መንግሥታት በወሰናቸው ላይ ሰውን የሚመዝኑት በያዘው ወረቀት መሆኑን ያሳያል።

እንግዲህ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። ቪዛ ማለት በፓስፖርት ላይ ተለጥፎ እስከ አሜሪካ በር የሚያደርስ ፈቃድ ነው። ከገቡ በኋላ በዚያ የመቀመጥ መብት ግን፣ ትምህርት ቤቱ በሚሰጠው አይ-20 በሚባለው ወረቀትና በተማሪው መዝገብ ይጠበቃል። ስለዚህ ተማሪው በዚያ ሳለ የቪዛው ቀን ቢያልፍ ስለዚህ ብቻ ጥፋተኛ አይባልም፤ ወደ አገሩ መጥቶ ለመመለስ ሲነሣ ግን አዲስ ቪዛ መጠየቅ ግድ ይሆንበታል። ከዚህም በላይ በሐምሌ 2017 ዓ.ም. አሜሪካ ባወጣችው ውሳኔ፣ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው የተማሪ ቪዛ ለ3 ወርና ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ እንዲሆን ተደረገ። በዚህ ዓይነት ቪዛ የገባ ተማሪ ለአንድ ሳምንት ጥየቃ እንኳ ቢመጣ፣ ለመመለስ እንደገና ኤምባሲ ፊት መቅረብ አለበት።

ትምህርቱ ካለቀ በኋላ፣ ተማሪው ዕቃውን የሚሰበስብበት ወይም ወደ ሌላ ትምህርት የሚዛወርበት 60 ቀን በቆየው ደንብ ተወስኗል። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ግን ይህን ወደ 30 ቀን ለማሳነስ ሐሳብ ስለ ቀረበ፣ ቀኑን ከትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት ማረጋገጥ ይገባል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ እነዚህ ቀኖች የመሰናበቻ ቀኖች ናቸው እንጂ የመመላለሻ አይደሉም። ለሥራ ልምምድ ሳያመለክት በእነዚህ ቀኖች ከአገሩ የወጣ ሰው፣ ቪዛው ገና ጊዜ ቢቀረውም በዚያው በተፈጸመው ትምህርት ሊመለስ አይችልም።

የሥራ ልምምድ የተባለው፣ ተማሪው በተማረበት ሙያ 12 ወር እንዲሠራ የሚሰጥ ፈቃድ ሲሆን፣ በሳይንስ፣ በቴክኖሎጂ፣ በምሕንድስናና በሒሳብ ለተመረቀ ሌላ 24 ወር ሊጨመርለት ይችላል። ማመልከቻው ሳይጸድቅ መጓዝ አደጋ አለው። ከጸደቀ በኋላም የሚጓዝ ሰው ሊይዛቸው የሚገባው እነዚህ ናቸው፦ ጊዜው ያላለፈ ፓስፖርትና ቪዛ፣ ከ6 ወር ወዲህ በትምህርት ቤቱ ሹም የተፈረመ አይ-20፣ የሥራ ፈቃዱ ካርድ፣ እንዲሁም የአሠሪው ደብዳቤ። በመጀመሪያው 12 ወር ያለ ሥራ ሊያሳልፍ የሚፈቀድለት በጠቅላላው 90 ቀን ነው፤ ሥራ ሳይዝ በወላጆቹ ቤት የሚከርምበትም ቀን ከዚሁ ይቈጠርበታል።

ሌላም ችግር አለ። የተማሪ ቪዛ የሚጠይቅ ሰው ጉዳዩን ሲጨርስ ወደ አገሩ የሚመለስ መሆኑን ቆንስሉን ማሳመን ግዴታው ነው። ትምህርቱን ጨርሶ በአሜሪካ ሥራ የያዘ ወጣት ይህን ማስረዳት ከመጀመሪያው ጊዜ ይልቅ ይከብደዋል። ቢከለከል ሥራውም፣ የተከራየው ቤትም፣ ዕቃውም በዚያው ይቀራል።

ስለዚህ፣ ወላጆች ሆይ፣ የሠርግ ቀን ከመቍረጣችሁ፣ ድንኳንም ከመከራየታችሁ በፊት ልጃችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁት፦ ቪዛህ እስከ መቼ ነው? ለስንት ጊዜ መግቢያ ነው? ወረቀትህ ተፈርሟል? የሥራ ካርድህ በእጅህ ገብቷል? ትምህርት ቤትህስ ምን አለህ? የአውሮፕላን ቲኬት የሚገዛው ከነዚህ መልስ በኋላ ይሁን፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላልና። ልጆችም ወላጆቻቸው እንዳያዝኑ ብለው እውነቱን ከመሸሸግ ይልቅ ችግራቸውን በግልጽ ያስረዱ።

ከሁሉ የሚከብደው የኀዘን ጊዜ ነው። አባቱ ሲያርፍ ለቀብር ያልደረሰ ልጅ በዕድርተኛው ፊት «ወላጁን የረሳ» ይባላል። መምጣትም መቅረትም የልጁ ምርጫ ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው እርሱ ስለ ሆነ ዐውቆ ይምረጥ፣ ቤተ ሰቡም ምርጫውን ያክብርለት። ጎረቤትም ከመፍረዱ በፊት ልጁን ያስቀረው የልብ ድንዳኔ ሳይሆን የአንድ ወረቀት ነገር ሊሆን እንደሚችል ያስብ።